ተራራ ላይ ነው ያሉት ሰው

ጀውሃራ ፊልም ልታይ ነው ቢባል ማን ያምናል? ሲኒማ ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት! ሲታክ ኤርፖርቱ አጠገብ ከምታጸዳው ሆቴል ወደ ቤቷ፣ ከቤቷ ወደ ሆቴሉ፣ ዓርብ ኦፍ ከሆነች ደግሞ ሴንትራል ዲስትሪክት ሽማግሌው ሐጂ ዓብዱልፈታህ ቤት ለሶላት፤ የሲያትል ኑሮዋ ይኸው ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን ታክሲ ነጂው ዓብዱልሀኪም ከሥራ ወደ ቤቷ ሊያደርሳት ሲመጣ፣ ገና የታክሲውን በር ሳትዘጋ "ነገ ዩኒቨርሲቲው ሰፈር ውሰደኝ" አለችው።

"ምን ልታደርጊ?"

"ፊልም ላይ።"

"ማን? አንቺ?"

"ምነው፣ እኔ ዐይን የለኝም?"

ሳቀባት። እሷ ግን አልሳቀችም። አንድ የሆቴል እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ትቶት ከሄደው ጋዜጣ የቀደደችውን ቁራጭ አወጣችና መሪው ፊት አስቀመጠችለት። ባለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ሪዛም ሰውዬ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። የሜክሲኮን ገበሬዎች ለመሬታቸው ያስነሳው የአብዮት መሪ ታሪክ ነው፤ የድሮ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም።

"ኑርሑሴን ይነግረኝ የነበረው ፊልም ነው" አለችው።

ይህን ስም ከእሷ አፍ በሰማ ቁጥር ዓብዱልሀኪም ወሬ ያስቀይራል። ያን ቀንም ሊያስቀይር ቃጣው። ቢሆንም "ኦኬ፣ እወስድሻለሁ" አላት። መቼ እምቢ ብሏት ያውቅና!

ኑርሑሴን ባሏ ነው። ደሴ ላይ ኒካሕ አስረው ዓመት ሳይሞላቸው ነው ከጓደኞቹ ጋር ጫካ የገባው፤ "መሬት ላራሹ" እያለ ያደገ ተማሪ ነበር። ያንን ፊልም አዲስ አበባ ሲማር አይቶት ኖሮ፣ ለአዲሷ ሙሽራው እየተነሳ እየተቀመጠ፣ ትራሱን ፈረስ አድርጎ እየጋለበ ይተርክላት ነበር። ሁልጊዜ ሰውዬው ሚስት የሚያገባበት ላይ ያቆማል። "ከዚያስ?" ስትለው "ከዚያማ ብዙ ነው፣ ቀሪው ሌላ ቀን" ይላል። ተሰናብቷት ሲወጣም እያለቀሰች ስታስቸግረው "አብሽሪ፣ ቀሪውን ስመለስ እነግርሻለሁ" ብሏት ነው የሄደው። እሷም ይኸው ትጠብቀዋለች። ካርቱም ላይ ጠበቀችው፣ ሲያትልም መጥታ ትጠብቀዋለች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኑርሑሴን ሞቷል። ሲያትል ያለ ሐበሻ በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ወሬውን ያመጣው ከካርቱም የመጣ ስደተኛ ነበር። ከኤርፖርት ያነሳውም ሌላ ማንም ሳይሆን ዓብዱልሀኪም ራሱ ነው። ሰውዬው ሻንጣውን እንኳ ሳይጭን "ጀውሃራ የምትባል የደሴ ልጅ ታውቃለህ? ባሏን የቀበርኩት እኔ ነኝ" አለው። ዓብዱልሀኪም ልቡ ለጀውሃራ ከሸፈተ ቆይቶ ነበር፤ ግን ለማንም አልተነፈሰም፣ የሰው ሚስት ናታ! ያን ወሬ ሲሰማ ልቡ በደስታ ዘለለ። አላህ ይቅር ይበለው፣ በደስታ! ወዲያው በራሱ አፈረ፤ እስከዛሬም እንዳፈረ ነው።

ሰውዬውን በቀጥታ ቼሪ መንገድ፣ ሐጂ ዓብዱልፈታህ ቤት ወሰደው። ሐጂ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። "መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም" አሉ። "ልጅቷ እዚህ አገር የሥጋ ዘመድ የላት። ታላቅ ወንድሟ ካርቱም ላይ ፕሮሰሱን ጨርሷል፣ በሚቀጥለው ወር ይገባል። ደግፎ የሚይዛት ወንድሟ ባለበት፣ ጎህ ሲቀድ፣ በወጉ ትረዳለች። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።" ሆድም ፈጀው። ወንድሟ ግን በሚቀጥለው ወር አልገባም፤ ከዚያ በሚቀጥለውም አልገባም። ጉዳዩ እየተጓተተ ዓመት አለፈው። አይ የኛ ነገር! ሰው አይጎዳ እያልን የምናደርሰው ጉዳት!

ዓብዱልሀኪም አንዲት ቃል ቢናገር የሚወዳት ሴት ነጻ ናት። ግን እንዴት ብሎ ይናገር? ሚስትየዋን የሚመኝ ሰው ነው የባሏን መርዶ የሚያረዳት? "ሊያገባት ፈልጎ ገደለው" ነው የሚባለው። ስለዚህ ዝም አለ። እሷም በበኩሏ ትወደዋለች። ሰጋጃዋ ላይ ተደፍታ "የሰው ሚስት ሆኜ ልቤ ሌላ ወንድ ጋ ሄደ፣ ያ ረቢ ማረኝ" እያለች ታለቅሳለች። ላልሠራችው ኃጢአት ምሕረት ትለምናለች። ፍረዱ እስቲ!

* * *

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤቱ ገቡ። አብራት የምትኖረው ተናኘ አብራቸው ልትመጣ ነበር፤ እሷም የምትሠራበት ሆቴል ሰው ጎድሎበት ኮል አደረጉላትና ቀረች። ስለዚህ ለወጉ ያህል በመሀላቸው አንድ ወንበር ባዶ ተዉ፤ ጀውሃራ ካፖርቷን አስቀመጠችበት።

የጀውሃራ እንግሊዝኛ ከፎጣና ከአንሶላ ብዙም አያልፍም። ዓብዱልሀኪም ሊተረጉምላት ነበር የመጣው፤ መጀመሪያ ላይ ግን አስተርጓሚዋ እሷ ሆና ቁጭ አለች። "አሁን የመሬቱ ጌታ ያባርራቸዋል" ትላለች፣ ያባርራቸዋል። "አሁን ያስሩትና ገበሬዎቹ ከኋላ ከኋላ ይከተሉታል፣ ተመልከት" ትላለች፣ ይከተሉታል። በስክሪኑ ብርሃን ፊቷ ወገግ ብሎ ሲያየው ዓብዱልሀኪም ፊልሙን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ። እንዲህ ደስ ብሏት አይቷት አያውቅም። ደስታዋ ግን በሌላ ወንድ ነው፤ ያ ሌላ ወንድ ደግሞ ከአፈር በታች ነው።

ሰርጉ ደረሰ። ሙሽራይቱ ሳቀች። ጀውሃራ ካፖርቷን አንስታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ከዚህ በኋላ አላውቅም" አለችው በሹክሹክታ። "ካሁን ጀምሮ አንተ ንገረኝ።"

ነገራት። ሰውዬው አሸነፈ፣ ቤተ መንግሥት ገባ፣ ሥልጣን አልስማማ ብሎት ወደ ገበሬዎቹ ተመለሰ። መንግሥት ተለወጠና እንደገና ያሳድደው ጀመር። ከዚያ አንድ የጦር መኮንን "ከመንግሥት ከድቻለሁ፣ ና እንገናኝ፣ ጥይትም እሰጥሃለሁ" ብሎ ላከበት። ሚስትየዋ በሩ ላይ ቆማ ለመነችው።

"ምን አለችው?" አለች ጀውሃራ።

"አትሂድ አለችው።"

"እሱስ?"

ዓብዱልሀኪም ወደ ስክሪኑ ዞረ። ኑርሑሴንም እኮ እንዲሁ ነበር የሞተው። "ምሕረት ታውጇል፣ መሣሪያችሁን አስረክባችሁ በሰላም ግቡ" ተብሎ፣ ቃል አምኖ ከተራራ ወርዶ። ያ ስደተኛ አንድ በአንድ ነግሮታል። አሁን ስክሪኑ ላይ ሰውዬው በፈረሱ ወደ ግቢው ሲገባ፣ ወታደሮቹ ጣሪያ ላይ አድፍጠው ሲጠብቁት፣ ዓብዱልሀኪም ዐይኑን ጨፈነ። ተኩሱ ሲሰማ የጀውሃራ ጣቶች ክንዱን ጨመደዱት።

ሬሳውን ከተማው መሀል ጣሉት። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከበቡት። አንዲት ባልቴት ጎንበስ ብላ እጁን አየችና ቀና ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" ጀውሃራ ክንዱን ነቀነቀችው። "ሀኪም፣ ሴትዮዋ ምን አለች?"

ምን ይበላት? ያለችውን ነገራት።

"እሱ አይደለም አለች። ይኼ የእሱ እጅ አይደለም፣ እሱ አልተያዘም፣ ተራራ ላይ ነው ያለው አለች።"

ጀውሃራ ክንዱን ለቀቀችው። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ግን የሐዘን ለቅሶ አልነበረም።

* * *

ታክሲውን ፓርክ ያደረገው ሁለት መንገድ አልፎ ነበር። ካፊያው ውስጥ እየቀደመችው፣ ልትሮጥ ምንም ሳይቀራት ሄደች። መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩን እንዳስነሳ "ቆይ፣ አትንዳ" አለችው።

"ለምን መጨረሻውን እንዳልነገረኝ አሁን ገባኝ። መጨረሻ ስለሌለው ነዋ! ሰውዬው አልሞተም።"

"ሞቷል ጀውሃራ። ሲተኩሱበት አይተናል።"

"ባልቴቷ አይደለም አለች እኮ! አንተው አይደለህ የነገርከኝ?"

"ስለሚወዱት ነው እንደዚያ ያሉት።"

"የሚወዱትማ ያውቁታል" አለችና ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። ድምጿ ድንገት ዝቅ አለ። "አንድ ነገር ልንገርህ፣ አታቋርጠኝ። ሁለተኛ አልደግመውም። ልቤ አንተ ጋ ነው። ስንት ዓመት ልቤን ስሰድብ፣ ስረግም ኖሬአለሁ፣ አልሰማ አለኝ። ስትስቅ እወድሃለሁ፣ ዝም ስትል እወድሃለሁ፣ መኪናህ ስትመጣ ከሌላው መኪና ድምጿን እለያለሁ። ይኸው ተናገርኩት፣ አላህም ሰማ፣ አንተም ሰማህ።"

ዓብዱልሀኪም ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ተመኝቷል! አሁን ሲሰማው ግን እንባው መጣ።

"ለዚህ ነው ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ የምፈልገው" አለች። "በባስ እሄዳለሁ። አልፎ አልፎ ሰይጣን ሹክ ይለኝ ነበር፣ ሞቶ ይሆናል፣ ምን ታውቂያለሽ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሰይጣንን አፈር አስጋጥኩት። ባሌ በሕይወት አለ። እኔም ባል ያለኝ ሴት ነኝ፤ ካንተ ጋር እንዲህ መቀመጤ ራሱ ነውር ነው። ማን ሬሳውን አየው? ማን ቀበረው? አንድ ሰው እንኳ አየሁ ያለ..."

"አለ" አለ ዓብዱልሀኪም።

"ምን?"

"ያየው ሰው አለ። የቀበረው ሰው አለ፣ ጀውሃራ።"

ለእሷ አዝኖ ነው የተናገረው? ወይስ እንዳታመልጠው ፈርቶ? እኔ ብትጠይቁኝ ሁለቱም ነው። እሱ ግን እስከ ዛሬ ራሱን እየጠየቀ መልስ አላገኘም።

ጀውሃራ አላለቀሰችም። ጣቷን ቀስራ "ስለፈለግከኝ ነው" አለችው። "ስለፈለግከኝ ነው እንዲህ የምትለኝ! በለኛ፣ ውሸቴን ነው በል!"

"ወላሂ አልዋሸሁም።"

"ማን ያውቃል?"

"ሐጂ ያውቃሉ።"

"ሌላስ?"

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ተናኘስ? ተናኘ ታውቃለች?"

አንገቱን ደፋ። ተናኘ እኮ አብራት የምትበላ፣ አብራት የምታድር፣ ሕልሟን ሳይቀር የምትነግራት ሴት ናት። ጀውሃራ ትንፋሿ እየተቆራረጠ "ሐጂ ጋ ውሰደኝ" አለችው።

በካፊያው ወደ ቼሪ መንገድ ነዳ።

ሐጂ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት የዓብዱልሀኪምን ፊት ነው፤ ቀጥሎ የእሷን። ጣቶቻቸው ይቆጥሩት የነበረው ተስቢሕ ቆመ።

"ወንድምሽ እስኪመጣ ብለን ነበር፣ ልጄ" አሉ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።"

ለሞተ ሰው የሚባል ቃል ነው፤ በቃ። ጀውሃራ እዚያው ደፉ ላይ ወደቀች። ጩኸቷን የሰሙ ሴቶች ነጠላና ሻሻቸውን እያሰሩ ከየቤታቸው ወጡ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ሁሉም ሲያለቅሱ እንባቸው የቆየ እንባ መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ ድንጋጤ የሌለበት ለቅሶ ነው። ይህን ስታይ ነው ጀውሃራ ይበልጥ ያበደችው።

"ሁላችሁም አልቅሳችሁ ጨርሳችኋላ!" እያለች ጮኸች። ተናኘ ከሥራ ልብሷን ሳትቀይር ስትገባ ደግሞ ዐይኗን ተከለችባት። "የጎረቤታችን የፈሪዳ ሰርግ ላይ ሂና ሞቄ፣ እስኪያልበኝ ስጨፍር እያጨበጨብሽልኝ አልነበረም? ባሌ አፈር ለብሶ እኔ ስጨፍር እንዴት ቻልሽው? ምነው እጄን አልያዝሽኝ?"

ተናኘ እግሯ ላይ ተደፋች። "አፈር ስሆን እህቴ! ቃል አስገብተውኝ ነው፤ አንድም ቀን እንቅልፍ አልተኛሁ!"

"እንዳይከፋሽ ብለን ነው፣ ልጄ" አሉ ሐጂ፣ ጺማቸው በእንባ ርሶ። "ባዕድ አገር ላይ ብቻሽን እንዳትሰበሪ ብለን። አጥፍተናል፣ አውፍ በይን።"

"ሐጂ፣ እርስዎን ምን እላለሁ?" አለች ድምጿ ተዘግቶ። "እንደ አባት ነው የማይዎት። ግን በየሶላቱ 'ያ አላህ በሰላም መልስልኝ' ስል ከኋላዬ አሚን ይሉ አልነበር? ያ አሚን ምን ነበር ሐጂ?"

ዓብዱልሀኪም በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ወንዶቹ አልፈውት ሲገቡ ማንም ሰላም አላለውም፤ ወጉን ያፈረሰው እሱ ነዋ። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን የነገራት እሱ ብቻ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው የተጠላውም እሱ ብቻ ነው።

* * *

ለቅሶው አበቃ። ዱዓው ተደረገ። ሐጂ ኪታብ ገልጠው "ሳታገቢ የምትቆዪው ኢዳሽ ባልሽ ከሞተበት ቀን ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ሳታውቂው አልቋል። በሸሪዓው ነጻ ሴት ነሽ" አሏት። አንድ ቀን ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው "ያ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፣ ቢያስብሽ አንከለክልም" አሉ። ሽማግሌ ሲክስ እንዲህ ነው።

ዓብዱልሀኪም ይህን ሲሰማ ተስፋ አደረገ። ምን ያድርግ፣ ሰው ነው። አንድ ረፋድ ላይ ሲታክ ያለው አፓርታማዋ ድረስ ሄደ። ተናኘ ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት ወርዳለች። ጀውሃራ በሩን ከፈተችለት፤ ከስታለች፣ ጥቁር ሻሿ ፊቷን አሳንሶታል። እሱም እንደከሳ አየች።

"ግባ" አለችው፣ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

"የመጣሁበትን ታውቂዋለሽ" አለ።

"አውቀዋለሁ።"

"ዴ ሞይን ያለው ቤቴ ባሕሩን ያያል። ሥራ ባትፈልጊ ትተይዋለሽ፣ ብትፈልጊ አደርስሻለሁ። ሰደቃውንም አብረን እናወጣለታለን፤ ኑርሑሴንን እርሺው አልልሽም ወላሂ። እኔም ሳላውቀው ወድጄዋለሁ።"

ጀውሃራ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

"አልተቀየምኩህም" አለችው። "ሁሉም ሲደብቀኝ የነገርከኝ አንተ ነህ። ግን አንተም እኮ ከሁሉ በፊት ያወቅህ ነህ። ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኔ ተቀምጠህ ስትነዳ፣ ስትስቅ፣ ስታስቀኝ ታውቅ ነበር። ፊትህን አይቼ ምንም አላወቅሁም፤ እኔ ያንተን ፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር።"

"ወጉ አስሮኝ ነው ጀውሃራ..."

"አውቃለሁ። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም ዝም እል ነበር። ግን አስበው፤ አብረን ብንኖር፣ አንድ ቀን ደክሞህ ገብተህ ዝም ብትል እኔ ምን እላለሁ? ደግሞ ማን ሞቶ ነው የደበቀኝ እላለሁ። ስልክ ይዘህ ወደ ጓዳ ብትገባ ነፍሴ ትወጣለች። የምወደውን ሰው ፊት እየፈራሁ እንዴት ልኑር?"

"ጊዜ ልስጥሽ። የፈለግሽውን ያህል እጠብቃለሁ።"

"አትጠብቀኝ!" ብላ ጮኸች። "በአላህ ይዤሃለሁ፣ አትጠብቀኝ። መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ።"

ሁለቱም አለቀሱ፤ እሷ ተቀምጣ፣ እሱ ቆሞ። አንድ እርምጃ ቢራመድ ይደርስባታል። አልተራመደም።

"ሀኪም" አለችው፣ ቀና ብላ እያየችው። "እባክህ ከዛሬ በኋላ አትምጣ። ብትመጣ እከፍትልሃለሁ።"

ምን እንዳለችው ገባው። ስለሚወዳት ደግሞ "እሺ" አላት። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ጀውሃራ መስኮቱ ጋ አልሄደችም። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች የመኪናውን ድምፅ ሰማች፤ ተነሣ፣ ዞረ፣ ራቀ። ያን ጊዜ ከሆዷ የወጣው ለቅሶ በመርዶዋ ዕለት እንኳ አልወጣም ነበር። ተናኘ ሞቅ ያለ ልብስ በቅርጫት ታቅፋ ስትገባ እንዲያ ሆና አገኘቻት። ቅርጫቱን ጥላ አቀፈቻት።

"ይበቃሻል እህቴ፣ ይበቃሻል" አለቻት፣ ጀርባዋን እያሻሸች። "እሱ ከሞተ ቆየ እኮ፣ ነፍሱን ይማረው። ለራስሽ እዘኚ እንግዲህ።"

ጀውሃራ "አሚን" አለች፤ ማንን እንደምታለቅስ አልነገረቻትም።